የብርቱካን ልጣጭ እርሳስን ከውኃ የሚይዘው እንዴት ነው?
«የፍራፍሬ ልጣጭ ውኃ ያጣራል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወንፊትን ነው። ነገር ግን በውኃ የሟሟ እንደ እርሳስ (ሊድ) ወይም ካድሚየም ያለ መርዛማ ብረት በወንፊት ያልፋል። ልጣጩ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፦ በብርቱካንና በሙዝ ልጣጭ ያለው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ካርቦክሲል የሚባሉ፣ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የሚይዙ ክፍሎች አሉት። አዎንታዊ ሙል ያለው የእርሳስ አዮን (ሙል የያዘ ቅንጣት) እነርሱ ላይ ይጣበቃል፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የነበረውን ካልሲየም አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል።

የውኃው አሲድነት ወሳኝ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ወደ 2 ሲወርድ ሃይድሮጅን ቦታዎቹን ይሻማና እርሳሱ ይለቀቃል፤ 5 አካባቢ ሲሆን ግን መያዙ ይጠነክራል። ተመራማሪዎች ልጣጩን በአሲድ አጥበው እንደገና የሚጠቀሙበት በዚሁ ምክንያት ነው።

በስምጥ ሸለቆ ለምትኖሩ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ የእናንተ ውኃ ዋና ችግር ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ አሉታዊ ሙል ስላለው ጥሬ ልጣጭ እምብዛም አይይዘውም።

በቤት ውስጥ ልጣጭ እንስራ ውስጥ መጨመርም መፍትሔ አይደለም። ጥሬ ልጣጭ ውኃውን ያቀልመዋል፣ ይበሰብሳል፣ ጀርምም አይገድልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የእርሳስ መጠን በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ይህን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። እርሳስ የያዘ ልጣጭ ደግሞ ለከብት አይሰጥም፣ ለማዳበሪያም አይውልም።