ስለ ታዳጊዋ ጅምናስት ጉልበት የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንዲት ታዳጊ ጅምናስት ዘላ ስታርፍ ጉልበቷ ከተጎዳ በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ መካሪ ይሆናል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። አንዳንዱ ግን ልጅቷን ዳግም ሊያስጎዳት ይችላል። እዚህ የማነሳው በተለይ ኤሲኤል የሚባለውን፣ ጉልበትን ከውስጥ አጥብቆ የሚይዘውን ጅማት መበጠስ ነው።

«በእግሯ ከሄደች ቀላል ነው»

ኤሲኤል ተበጥሶም መራመድ ይቻላል። ሲጎዳ «ጧ» ካለ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ ወይም ጉልበቷ እየከዳት ከሆነ ሐኪም ይያት። ራጁ ደህና ነው መባሉም ብቻውን አያስተማምንም። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም፤ ለዚያ ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

«እስክትድን ትተኛ»

የጭን ጡንቻ ሥራ ከፈታ ቶሎ ይሟሽሻል። ስለዚህ የተበጠሰው ጅማት በሌላ ጅማት ከሚተካበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ ሐኪሟ በፈቀደው ልክ፣ ጉልበቱን መዘርጋትና የፊት ጭን ጡንቻን ማሠራት ይጀመራል። ትከሻዋና ሆዷማ ምን ሆኑ? እነሱን ከጓደኞቿ ጋር ብታሠራ ለመንፈሷም ደግ ነው።

«ሕመሙ ጠፍቷል፣ ስድስት ወርም ሞልቷል»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ሕመም የሚጠፋው የተተከለው ጅማት ገና ሳይጠነክር ነው። በ2016 የወጣ የኖርዌይ ጥናት እንዳሳየው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ዘጠኝ ወር መሙላቱም ብቻውን ፈቃድ አይደለም። የተጎዳው እግር ጥንካሬ ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ መድረስ አለበት። በአንድ እግር ዘላ ስታርፍም ጉልበቷ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። ይህ በዓይን ግምት አይታወቅም፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ይለካው። ውድድር ደረሰ ተብሎ ልኬቱ ሲዘለል ያናድደኛል።

«ልጅ ናት፣ ቶሎ ይጠግጋል»

ኤሲኤል ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት ውስጥ ከአራት አንድ የሚጠጉት እንደገና ይጎዳሉ፤ አንዳንዴም በጤነኛው እግር። አጥንቷ ገና እያደገ ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው የሚያድገውን የአጥንት ክፍል እንዳይነካ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

«በቃ፣ ጅምናስቲክ አበቃላት»

ብራዚላዊቷ ሬቤካ አንድራዴ በ2015፣ በ2017 እና በ2019 ሦስት ጊዜ ኤሲኤሏ ተበጥሷል። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በቮልት (ሮጦ መሣሪያ ላይ በእጅ ተደግፎ በመዝለል) ወርቅ ወሰደች፤ በፓሪስ 2024 ደግሞ በወለል ጅምናስቲክ ደገመችው።

«ከፈራች ሰንፋለች»

ጉልበቷ የከዳት ዘላ ስታርፍ ነው፤ ብትፈራ ምን ይገርማል? ፍርሃቱን ለአሠልጣኟ ትንገር እንጂ አትደብቀው። መጀመሪያ ከዝቅተኛ ከፍታ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ፣ በሁለት እግር ትረፍ። ከዚያ ከፍታው ይጨመር። በአየር ላይ እየተሽከረከሩ ማረፍ የመጨረሻው ነው። በማግስቱ ጉልበቱ ካበጠ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትመለስ።