ባለ መብራት መስታወት ምንድን ነው? ለመታጠቢያ ቤታችንስ የትኛው ይሆናል?

እናቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ እኔ ጋ በሰነበተችበት ጊዜ፣ አንድ ማለዳ መታጠቢያ ቤት ገብታ ወዲያው ወጣች። ኩሏንና ትንሿን የእጅ መስታወቷን ይዛ ወደ ሳሎኑ መስኮት አመራች። «እማዬ፣ እዚያ ያንን የሚያህል መስታወት እያለልሽ?» አልኳት። «ልጄ፣ እሱ እኮ ግድግዳውን ነው የሚያበራው። እኔን መች አሳየኝ» አለችኝ።

መስታወቱን ከገዛሁ ገና ሁለት ወሬ ነበር። በጣት ሲነኩት ይበራል። ሰዓት ያሳያል። ዘፈን ሳይቀር ይጫወታል። የሰነፈው ፊት ማሳየት ላይ ብቻ ነው።

ሱቆች «ኤልኢዲ መስታወት» ወይም «ስማርት መስታወት» የሚሉት ይህ ዕቃ ሲፈታ ሦስት ነገር ነው። ከፊት መስታወቱ አለ። ከጀርባው ወይም ከዳር ዳሩ የኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ማለትም ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት ጥብጣብ፣ ይዞራል። ከዚያ ደግሞ የቤቱን 220 ቮልት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 12 ወይም 24 ቮልት የሚያወርድ፣ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ሳጥን ተደብቆ ይቀመጣል። የቀረው ሁሉ ጭማሪ ነው። ጭማሪው ሲበዛ ዋጋው ይጨምራል፣ የሚበላሸውም ነገር ይበዛል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት መብራቱ ወዴት እንደሚያበራ ነው። የእኔ ዓይነቱ ከጀርባ የሚያበራ ነው። ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ሄዶ በመስታወቱ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል አክሊል ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ፊት ላይ የሚደርሰው ግን ከግድግዳው ነጥሮ የተረፈው ብርሃን ነው፤ ሴራሚኩ ጥቁር ግራጫ ከሆነ እሱም የለም። ሁለተኛው ዓይነት ከፊት የሚያበራው ነው። በመስታወቱ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነጭ መስመር ይታያል። በዚያ መስመር ብርሃኑ ቀጥታ ወደ ሰውየው ይመጣል። ለመላጨትም ለመኳኳልም የሚሆነው ይሄ ነው።

መስመሩ የት እንዳለም ይለያያል። ከላይ ብቻ ከሆነ ከጣሪያ አምፖል ብዙም አይሻልም፤ ከዓይን ሥር፣ ከአፍንጫና ከአገጭ በታች ጥላ ይጥላል። እኔ ጢሜን ተላጭቼ ቢሮ ከደረስኩ በኋላ ከአገጬ ሥር አንድ ጣት የሚያህል ያልተነካ ማሳ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ ግራና ቀኝ፣ በፊት ቁመት ሲሆን አንዱ ወገን የጣለውን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል። ዙሪያውን የሚያበራም ጥሩ ነው። እንደኔ ከጀርባ የሚያበራውን ገዝቶ ላለቀሰ ሰው ደግሞ መላ አለ። ከመስታወቱ ግራና ቀኝ በዓይን ቁመት ሁለት የግድግዳ መብራቶች ማስገጠም ነው። የሚመረጠው እርጥበት የሚችል፣ ብርሃኑን በወተት መስታወት የሚያለሰልስ ዓይነት ይሁን።

ቀጥሎ ቀለም ይመጣል። ሻጩ «ዋርም፣ ናቹራል፣ ኩል» (ሞቅ ያለ፣ መካከለኛ፣ ቀዝቀዝ ያለ) እያለ ሦስት ጊዜ ነክቶ ያሳያችኋል። ይሄኛው ኩል የእናቴ ኩል አይደለም። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። 3000 አካባቢ ቢጫ ቢጫ የሚለው፣ የሻማን ጠባይ የያዘ ነው። 4000 መሀል ላይ ያለ ነው። 6000 እና 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ የሚደምቅ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ድምቀት የሚለካው በሉመን ነው። ኬልቪን ቀለምን ብቻ ነው የሚናገረው። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል 4000ን እመርጣለሁ። 6500 ገና ከእንቅልፉ የተነሳን ጤነኛ ሰው የታመመ ያስመስለዋል። ሦስቱንም የሚቀያይር ከተገኘ ግን አይጠላም። በተለይ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ቢጫውን ዝቅ አድርጎ ማብራት ዓይንን ከመጥበርበር ያድናል።

ከኬልቪን ይልቅ ማንም የማይጠይቀው፣ ግን ፊት ላይ በጣም የሚታየው ሌላ ቁጥር አለ። ሲአርአይ ይባላል። ብርሃኑ የነገሮችን ቀለም ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚለካ ሲሆን ጣሪያው 100 ነው። ለምን አስፈለገ? ነጭ የምንለው ኤልኢዲ በአብዛኛው ከሥሩ ሰማያዊ ስለሆነ ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ቢጫ ፎስፈር (ከፊሉን ወደ ቢጫ የሚቀይር ቅብ) ይሸፍነውና ሁለቱ ተደባልቀው ነጭ ይመስላሉ። ያንን ሰማያዊ ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስቱ ጃፓን ተወላጆች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ርካሹ ድብልቅ ታዲያ ቀይ ይጎድለዋል። የእኛ ቆዳ ደግሞ ጠይምም ሆነ ቀይ ዳማ ከሥሩ ቀይ አለው። ቀዩ ሲጠፋ ፊት አመዳም ይሆናል። የሊፕስቲኩም ቀለም መስታወቱ ላይና ደጅ ላይ ለየቅል ነው።

ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ካለ ጥሩ ነው። 80 ለኮሪደር ይበቃል እንጂ ለፊት ያንሳል። ካርቶኑ ዝም ካለ ደግሞ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። መብራቱ ሥር ዘርጉት፣ ከዚያ በር ላይ አውጥታችሁ በፀሐይ እዩት። ውስጥ ቡናማ፣ ውጭ ቀይ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ሻጩ ግር ቢለው ግር ይበለው። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ የስልካችሁንም ካሜራ ወደ መብራቱ አዙሩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ ካያችሁ መብራቱ በጣም ይርገበገባል፤ ድራይቨሩ ደካማ ሊሆን ይችላል። ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁም ድገሙት፤ ብዙውን ጊዜ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ላቡ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ጠዋት መስታወቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከሻወሩ የሚነሳው እንፋሎት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል። በመዳፍ እንጠርገዋለን፤ ተመልሶ ያልበዋል። አዲሶቹ መስታወቶች ለዚህ ከጀርባ የተለጠፈ ስስ ማሞቂያ አላቸው። መስታወቱን ትንሽ ያሞቀዋል፣ እንፋሎቱም አያርፍበትም። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። አንደኛ፣ የሚጠራው ማሞቂያው የተለጠፈበት ቦታ ብቻ ነው። ትልቁ መስታወት ላይ ማሞቂያው የደብተር ገጽ ካከለ መሀሉ ላይ መስኮት ከፍቶ ዙሪያውን በጉም ይተወዋል። ስለዚህ የማሞቂያው ስፋት ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ለመሞቅ ደቂቃዎች ስለሚፈልግ ልብስ ከማውለቅ በፊት ነው የሚበራው።

ማጥፋቱም አይረሳ። 40 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ቢበራ በወር ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ፣ ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ቆጣሪው አይከሳችሁም። የድሬዳዋ ሰው ግን ለዚህ ነገር ገንዘቡን ባያወጣ እመክራለሁ። መስታወቱ ቀድሞውኑ ሞቃት ነው፣ ገላውንም በአብዛኛው በቀዝቃዛ ነው የሚታጠበው። ማሞቂያ የሌለው መስታወት ያለን ደግሞ ጥቂት ሳሙና ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ለጥቂት ቀን ይሠራል። መስኮት መክፈትም አለ፤ በነፃ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ አገር ጥያቄ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሆናል? የአማርኛችን ነገር ሆኖ ኤሌክትሪክንም አምፖልንም «መብራት» ነው የምንለው፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ነው። አንዳንዱ መስታወት ኃይል ሲያገኝ ራሱ ይበራል። ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ይመጣና መታጠቢያ ቤቱ ቦግ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ሁሉን ረስቶ ይነሳል። ትናንት ያስተካከላችሁትን ቀለምና ድምቀት ዛሬ እንደገና በጣት መፈለግ ነው። የሚፈለገው ጠፍቶ ከነበረ ጠፍቶ የሚቆይ፣ ሲበራ ደግሞ የመጨረሻውን ቅንብር የሚያስታውስ ነው። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀለሙን ቀይሩ፣ ድምቀቱን ዝቅ አድርጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ።

የእኔ መስታወት ሰዓት ሁልጊዜ 12:00 ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ላይ በኛ አቆጣጠር ሞላሁት። መብራት ሄደ። እንደገና ሞላሁት። ሄደ። አሁን ተስማምተናል፣ እኔ ስልኬን አያለሁ፣ እሱ 12:00 ይላል። ዘፈኑም ለስልክ ይተው።

በንክኪ የሚሠራ ማብሪያ ያምራል፤ ግን እጅ እርጥብ ሲሆን አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። ጠብታ አርፎበት ራሱን የሚያበራም አይቻለሁ። ከንክኪው በተጨማሪ በር አጠገብ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ቢኖረው ይሻላል። ከቤት ስንወጣ ከምንጩ እንዘጋዋለን። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅም ድራይቨሩን አያገኘውም። ቀድሞ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ያ ድራይቨር ነው። ስለዚህ «ድራይቨሩ ሲቃጠል ተፈትቶ ይቀየራል?» ብላችሁ ጠይቁ። በብሎን የታሰረ ከሆነ የትኛውም ኤሌክትሪሺያን ይቀይረዋል። ሁሉም ነገር በሙጫ የታሸገ ከሆነ ግን የአንድ ትንሽ ሳጥን ብልሽት መስታወቱን በሙሉ ያስጥላል።

ከአሜሪካ በሻንጣ ወይም በካርጎ ለሚያስመጣ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። እዚያ 120 ቮልት ነው። ድራይቨሩ ላይ «100–240» የሚል ከታየ «ይሠራል» ተብሎ ይሰካል፤ መብራቱም እውነትም ይሠራል። ማሞቂያው ግን ብዙ ጊዜ በድራይቨሩ በኩል አያልፍም፣ ቀጥታ ከቤቱ መስመር ነው የሚገናኘው። ለ120 የተሠራ ማሞቂያ 220 ሲያገኝ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 40 ዋቱ ወደ 134 ዋት ይጠጋል። መስታወት ሊሰነጠቅ፣ ሙጫም ሊቃጠል ይችላል። የማሞቂያው ቮልት ለብቻው የተጻፈበት ይፈለግ። ካልተገኘ የማሞቂያው ሽቦ ይነቀል።

ውሃን በተመለከተ የሚታየው አይፒ የሚባለው ቁጥር ነው። ሁለት አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ስለ ጠጣር ነገር፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። አይፒ20 ማለት ከውሃ ምንም መከላከያ የለውም፤ ለመኝታ ቤት ነው። አይፒ44 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃን ይችላል። ዓለም አቀፉ ደንብ ከሻወሩ ወይም ከገንዳው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ለሚሰቀል ዕቃ ሁለተኛው አኃዝ ቢያንስ 4 እንዲሆን ይጠይቃል። የእኛ መታጠቢያ ቤቶች ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው። ሻወሩ መጋረጃ የለውም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ማለት ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ነው። ስለዚህ 44ን መነሻ አድርጉት። ፍሬሙ ብረት ወይም አሉሚኒየም ከሆነና የመሬት ሽቦ ማሰሪያ ካለው ሽቦው የግድ ይታሰር፤ ኤሌክትሪሺያኑ «ግዴለም» ቢልም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ካለ ደግሞ በሰላም እንቅልፍ ይወስዳችኋል።

መስታወቱ ራሱም ያረጃል። ጀርባው ላይ የተቀባው አብዛኛውን ጊዜ ብር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ በ1835 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዘዴ ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ብሩን እርጥበት ከጠርዝ እየገባ ይበላዋል፤ ከታች በኩል የሚታየው ጥቁር ጥቁር ነገር እሱ ነው። ጠርዙ የታሸገ መሆኑን በጣት ዳስሱ። ስታጸዱ በረኪና አትርጩበት፤ እየወረደ ታች ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ማጽጃውን ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ ነው የሚወለወለው።

ስትሰቅሉትም ቸኩላችሁ አትሳቱ። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ 12.5 ኪሎ ይመዝናል። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብርጭቆው ብቻ 6 ኪሎ ነው፣ ፍሬሙ ሲጨመር ይበልጣል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር አይዝም። ጂብሰም ቦርድ ላይ ከሆነ ከጀርባው ብረት ወይም እንጨት መኖር አለበት። የመስታወቱ መሀል ቤት ውስጥ ካሉት ረጅሙና አጭሩ ሰው ዓይኖች መካከል ቢውል ሁሉም ያያል። ሽቦው ደግሞ ሴራሚክ ሳይለጠፍ በፊት በመስታወቱ ጀርባ በኩል ይውጣ። የእኔ ሴራሚክ ቀድሞ ስለተለጠፈ ሽቦው በነጭ ቱቦ ተሸፍኖ ከጣሪያ እስከ መስታወቱ ድረስ ይወርዳል። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።