ከሴራሚኩ በፊት፦ የኪችን ግድግዳ ዝግጅት

በአዲስ አበባ ቤቶች ከምድጃውና ከዕቃ ማጠቢያው በላይ፣ እስከ ላይኛው ካቢኔት ድረስ ያለው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሴራሚክ ይለብሳል። ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ቁሌት ሲንተከተክ ይፈናጠራል፤ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ያረፈ የበርበሬ ዘይት ደግሞ ታጥቦ አይለቅም። ከምጣድ የሚወጣው እንፋሎትም አለ።

ሴራሚክ ስንገዛ የምንጨቃጨቀው በቀለሙና በዋጋው ነው። ስለ ግድግዳው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሴራሚኩ ግን የሚይዘው ብሎኬቱን አይደለም፤ ብሎኬቱ ላይ መጨረሻ የተቀባውን ነገር ነው። እሱ ከለቀቀ ሴራሚኩም አብሮ ይወርዳል። እኔ ይህን የተማርኩት በሌሊት ነው። የሳህን መደርደሪያው የወደቀ መስሎኝ ተነሣሁ፤ አራት ሴራሚክ ነው ለካ። ገልብጬ ሳያቸው ሲሚንቶው ጀርባቸው ላይ እንዳለ ነው። በሲሚንቶው ላይ ደግሞ ነጭ የጂፕሰም ቅርፊት ተጣብቋል። ሲሚንቶው ሥራውን ሠርቷል፤ ግድግዳውን የለቀቀው ጂፕሰሙ ነው።

ጂፕሰም ለሳሎን ግድግዳ ጥሩ ነው፤ ልስልስ ያደርጋል። ውሃ ሲያገኘው ግን ይላላል። ይባስ ብሎ እርጥበት ባለበት ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ እነሱም እያበጡ ሴራሚኩን ወደ ውጭ ይገፉታል። ስለዚህ ሴራሚክ በሚለጠፍበት ቦታ ጂፕሰምም ሆነ ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባው ማለስለሻ) ተፍቆ፣ የሲሚንቶው ልስን እስኪታይ ድረስ መውረድ አለበት። አቧራው ቤቱን ሙሉ ይገባል፤ በሩን በላስቲክ መሸፈን ነው።

ግድግዳው ምን እንደለበሰ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ ርጭት አድርጉበት። ቶሎ ከጠጣው ዘይት ቀለምም ቅባትም የለበትም። ኩልል ብሎ ከወረደ ዘይት ቀለም ወይም የዓመታት ቅባት አለበት። ቀጥሎ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። ባዶ ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ ከብሎኬቱ ተላቋል፤ ፈርሶ እንደገና ይለሰናል።

ቅባቱን በሙቅ ውሃና በኦሞ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በረኪና ያነጣዋል እንጂ ቅባቱን አያነሳም። ዘይት ቀለም ከሆነ ከመፋቅ ሌላ መላ የለውም። ከዚያ ግድግዳው በመሮና በመዶሻ ይወቀራል፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እንደሚወቀረው ማለት ነው። ጉድጓዶቹ ተቀራርበው፣ ቀለሙን አልፈው ልስኑ ውስጥ መግባት አለባቸው። አንዳንዱ ሠራተኛ እዚህም እዚያም ጫር ጫር አድርጎ «ተወቀረ» ይላል። ቆማችሁ እዩ።

ግድግዳው ቀጥ ማለቱ በቱንቢ ይታያል፤ እኩል መሆኑ ደግሞ 2 ሜትር ርዝመት ባለው ቀጥ ያለ እንጨት። በሴራሚክ ማጣበቂያ የሚለጠፍ ከሆነ በእንጨቱና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በአሸዋና በሲሚንቶ የሚሠሩ «እኔ በሲሚንቶው አስተካክለዋለሁ» ይላሉ። ያስተካክሉታል፤ ግን 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሲሚንቶ በካሬ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሴራሚኩ ራሱ ከዚያ በታች ነው። ጉድጓዱን አስቀድሞ በልስን መሙላት ይሻላል። አዲስ ልስን ቢያንስ ለሳምንት ውሃ እየጠጣ ይቆያል፤ ሲሚንቶ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነውና ጊዜ ያለው ሰው ቢጠብቅ አይቆጭም።

ሶኬትና የውሃ ቧንቧ የሚዛወሩት በዚሁ ወቅት ነው፤ መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል። የሶኬቱ ሳጥን ሴራሚኩ ከሚደርስበት ጋር እኩል እንዲሆን ወደ ውጭ ይወጣል፤ አለበለዚያ ሶኬቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ቧንቧው ውሃ ተለቅቆበት ሳያንጠባጥብ ካደረ በኋላ ብቻ ይደፈናል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተለመደው የብሎኬት ግድግዳ ለዚህ ሁሉ ይመቻል። የጭቃ ቤት ግን ሌላ ነው። እንጨቱና ጭቃው በክረምት ያብጣሉ፣ በበጋ ይኮማተራሉ፤ ሲሚንቶ አይከተላቸውም። የወንፊት ሽቦ በምስማር መትተው ከላይ በሲሚንቶ የሚለስኑ አሉ። ለጊዜው ይይዛል። ነገር ግን እርጥበቱ ከውስጥ ስለሚታፈን እንጨቱ ይበሰብሳል። እኔ ብሆን በጭቃ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ አልለጥፍም፤ ቆርቆሮ መትቼ እየወለወልኩ እኖራለሁ።

በመጨረሻው ቀን ግድግዳው በመጥረጊያ ይጠረጋል። በሲሚንቶ የሚለጠፍ ከሆነ በውሃ ይርሳል፤ ደረቅ ልስን የሲሚንቶውን ውሃ ይመጥጥበታል። በማጣበቂያ ከሆነ ዕቃው ላይ የተጻፈውን መከተል ነው። የካቢኔቱን ጠርዝ አትመኑ፤ ብዙውን ጊዜ ያዘነበለ ነው። በውሃ ልክ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፣ የመጀመሪያው ረድፍ የሚያርፍበት ጣውላ በመስመሩ ላይ ይመታል፣ ሴራሚክ ሠሪው ይጠራል።