ሰው የሚመለሰው ለሽልማት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ላይ የሱቆችንና የሆቴሎችን ገጽ አስተዳድራለሁ፣ ቪዲዮም እሠራላቸዋለሁ። አዲስ ደንበኛ ሁሉ መጥቶ «ሽልማት ካላስቀመጥን ማን ያየናል?» ይለኛል። በቃ፣ ሰልችቶኛል።

በሽልማት ፈንታ ተከታታይ አጭር ድራማ እንሥራ ስል ከሚያነሱብኝ ተቃውሞዎች መጀመሪያ ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ማስታወቂያ መሆኑን ካወቀ ያልፈዋል።» የሚያልፈው ሲሰለቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦስትሪያዊው የፓራሹት ዘላይ ፊሊክስ ባውምጋርትነር ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲዘል የስፖንሰሩ የኃይል ሰጪ መጠጥ አምራች የሬድ ቡል ስም ልብሱ ላይ ሳይቀር ነበር። ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ግን በዩቲዩብ በቀጥታ ተከታትሎታል።

«ረጅም ነገር ማንም አያይም።» ያው ሰውዬ በባሉን ለመውጣት ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል።

«የቲክቶክ ዘመን ፈሊጥ ነው።» የአሜሪካ ሳሙና አምራቾች በሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ያቀርቡ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው።

አሁን ወደ ሽልማቱ። «ላይክ፣ ሼር፣ አምስት ሰው ታግ አድርጉና ሞባይል ውሰዱ» ሰው ያመጣል፣ አልክድም። አያቆየውም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸጡ ደንበኛዬ ለፋሲካ ሞከሩት። ኮሜንቱ በስልክ ቁጥርና በ«እኔ! እኔ!» ተሞላ። የምጣዱን ዋጋ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። አሸናፊው ሲነገር ግማሹ «ለዘመዱ ነው የሰጠው» ብሎ ተሳደበ፣ ሌላው ድምፁ ጠፋ።

ቀጥሎ የአማትና የምራት አጭር ድራማ ሠራንላቸው። ምራቲቱ ጋግራ ታወጣለች፣ አማቲቱ እንጀራውን ገልበጥ አድርገው ያዩና «ዓይኑ የት ሄደ?» ይላሉ። አለቀ። ስለ ምጣዱ የተነገረ ነገር የለም፣ እዚያው መሀል ላይ ተጥዷል። «ቁርጥ እናቴን!» ማለት ተጀመረ። ከፍኖተ ሰላም አንዷ ጥፋቱ የአብሲቱ ነው አለች፣ ሌላዋ ሞገተቻት፣ ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ። ሰው መልስ ተሰጥቶት እንደሆነ ለማየት ይመለስ ነበር። ከዚያ «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» መጣ። በብዙ ቆጠባ ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ዳታውን የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ራሱን ያይበታል፣ ከሌላው ጋር ያወራበታል፣ የሚቀጥለውንም ይጠብቃል። የሚዲያ ተመራማሪው ኤሊሁ ካትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሉትም ይህንኑ ነው፤ ሚዲያ ሰውን ምን ያደርገዋል ከማለት ይልቅ ሰው በሚዲያ ምን ያደርግበታል ብላችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቀን ቁረጡና በዚያው ቀን ልቀቁ። ለኮሜንት መልስ ስጡ፣ በተለይ ለሚሞግታችሁ። ሎጎውን የተዋናይ ፊት ላይ አትለጥፉ። የሞባይሉን መግዣ ደግሞ ለተዋንያኑ ክፈሉ፤ ከተማው ውስጥ መድረክ ያጡ ጎበዝ ልጆች ሞልተዋል። የመጀመሪያው ክፍል ብዙ ላይታይ ይችላል፤ ሦስተኛው ሳይወጣ ግን አታቋርጡ።