በጎንደር የካላዛር ጥናትና ጂኖሚክስ

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚመጣ በሽታ ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን አብዝቶ ያጠቃል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ መሆኑ ታውቋል፤ ያመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይነገራል። ጥገኛ ተሕዋሱ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ሳይታመሙ ይቀራሉ። ለምን?

አንዱ የጂኖሚክስ (የጂኖች ጥናት) መንገድ የታመሙትንና ያልታመሙትን ዲ.ኤን.ኤ ማነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሕንድና በብራዚል ሕሙማን ላይ የታተመ ሥራ ሰውነት ባዕድ ነገርን እንዲለይ የሚረዳው፣ ኤች.ኤል.ኤ ክፍል ሁለት የተባለው የጂን አካባቢ ከተጋላጭነት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሕዝባችን የዘር ስብጥር ሰፊ በመሆኑ ይህን ለእኛ ሕሙማን እንዳለ መውሰድ ያስቸግራል።

ሌላው መንገድ በደም ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እንደነቁ የነቁ ጂኖች ቅጂ ከሆነው ከአር.ኤን.ኤ ማንበብ ነው። እዚህ ላይ፣ በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አንጋፋው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሌይሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ በኩል የራሱ ድርሻ አለው።

የሥራው ዕጣ የሚወሰነው ደም በሚቀዳበት ሰዓት ነው። 6.9 ሚሊ ሊትር ማቆያ ፈሳሽ ወዳለው ፓክስጂን ቱቦ (አር.ኤን.ኤ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ የደም መቅጃ) 2.5 ሚሊ ሊትር ደም ይገባል፤ ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጣል። በደንብ ካልተቀላቀለ ሴሎቹ ሙሉ በሙሉ አይፈርሱም፣ አር.ኤን.ኤውም ይበላሻል። ቱቦው በክፍል ሙቀት ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆያል፤ 3 ቀን ማለፍ የለበትም። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ቀድሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት ይቆይና ከዜሮ በታች ወደ 80 ዲግሪ ይወርዳል። መደርደሪያው የሽቦ እንጂ የፎም አይሁን፤ ቱቦው ይሰነጠቃል። መብራት ሲጠፋ ቀልጦ እንደገና የረጋ ናሙና አያስተማምንም። የአር.ኤን.ኤው የጥራት ነጥብ (ከ10) ከ7 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከቀይ የደም ሴል የሚመጣው የግሎቢን አር.ኤን.ኤም አስቀድሞ ካልተወገደ ንባቡን ይሻማል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሴል ቆጠራው ነው። ካላዛር ነጭ የደም ሴልን፣ በተለይ ኒውትሮፊልን ያመነምናል። ስለዚህ የኒውትሮፊል ጂኖች «ቀንሰው» ቢታዩ ጂኖቹ ደክመው ሳይሆን ሴሎቹ አልቀው ሊሆን ይችላል። ደሙ በተቀዳበት ቀን ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ያልተሠራለት ናሙና ከትንተናው ቢወጣ ይሻላል።

እስካሁን ጎልቶ የወጣው ውጤት ኤች.አይ.ቪ ያለባቸውን ሕሙማን ይመለከታል፤ ካላዛር የሚያገረሽባቸው ሰዎች ደም ሰውነት ጥገኛውን እንዲዋጋ የሚያነሣሣውን ኢንተርፌሮን ጋማ በበቂ አያመነጭም፣ በቲ ሴሎቻቸው (በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች) ላይም የመዛል ምልክት የሆነው ፒ.ዲ.-1 ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ የደም ንባብ ነው፤ ጥገኛው የሚከማቸው በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ነው። የጣፊያ ናሙና ደግሞ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ስለሚችል ለምርመራ እንጂ ለጥናት ብቻ ተብሎ አይወሰድም።