ሞዳል ግሶች ከግስና ከመስተዋድድ ጋር፦ እንግሊዝኛ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ሞዳል የሚባሉት ዋናዎቹ ረዳት ግሶች 9 ናቸው፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል እና ዉድ። ችሎታን፣ ፈቃድን፣ ግዴታን፣ ግምትንና ውጥንን ይገልጻሉ። አጭር መልስ ካልሆነ በቀር ግን ብቻቸውን አይቆሙም። ዋና ግስ ይከተላቸዋል፤ ግሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ በመስተዋድድ የሚጀምር ሐረግ ይከተለዋል። ሦስቱ ሲቀናጁ ነው ንግግሩ ሙሉ የሚሆነው።

ከአያት እስከ የካ አባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ ቀድሞ ከሚለምዳቸው ቅንጅቶች አንዱ «ሜይ አይ ጎ አውት፣ ቲቸር?» የሚለው ነው። ሞዳሉ፣ ግሱና አቅጣጫ አመልካቹ ሦስቱም አሉበት (በጥብቅ ከተወሰደ «አውት» እዚህ ላይ ተውሳከ ግስ ነው)። ልጁ ቃላቱን ለያይቶ አያውቃቸውም፤ ሆኖም ሲናገረው አይሳሳትም። ያው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ «ሂ ካን ጎ» (መሄድ ይችላል) ማለት ሲገባው «ሂ ካንስ ቱ ጎ» ብሎ ይጽፋል። ልዩነቱ ከአቀራረቡ የመጣ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ሙሉ ሆኖ ሰምቶታል፤ ሌሎቹን ሞዳሎች ግን «ካን ማለት ይችላል፣ ማስት ማለት አለበት» በሚል ዝርዝር ነው የተማራቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ በሞዳል ላይ ያለ ክፍተት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይቀርም። «ሜይ ኮንቴይን» (ሊይዝ ይችላል) እና «ማስት ኮንቴይን» (መያዝ አለበት) የተምታቱበት ተማሪ የኬሚስትሪ ጥያቄም ይስታል። በዳርቻው ሰፈሮች የማጠናከሪያ ትምህርትና ቤት ለቤት የሚያስተምሩ አስጠኚዎች በጣም የሚፈለጉትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የሁለቱ ቋንቋዎች የቃል ቅደም ተከተል ተገላቢጦሽ ነው። «ዩ ካን ጎ ቱ ቱሉ ዲምቱ ባይ ባስ» የሚለውን በአማርኛ «በባስ ወደ ቱሉ ዲምቱ መሄድ ትችላለህ» እንላለን። እንግሊዝኛው በችሎታው ጀምሮ በመጓጓዣው ሲጨርስ አማርኛው በመጓጓዣው ጀምሮ በችሎታው ይጨርሳል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «ካን» ከማለቱ በፊት ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አስቦ መጨረስ አለበት፤ በንግግር መሀል ብዙዎች የሚንተባተቡትም እዚህ ጋ ነው። «ካን ቱ ጎ» የሚለው ስሕተት ምንጩ «መሄድ» ውስጥ ያለው «መ» ነው። ተማሪው «ቱ»ን የ«መ» ምትክ አድርጎ ይወስዳታል። ከ9ኙ ሞዳሎች በኋላ ግሱ ያለ «ቱ» ይገባል፤ «ሃቭ ቱ»፣ «ኦት ቱ» እና «ቢ ኤብል ቱ» ግን ይዘዋት ይሄዳሉ።

ሞዳሎቹ በሦስተኛ መደብ «ኤስ» የማይጨምሩበት ምክንያት ታሪካዊ ነው። ካን፣ ሜይና ሻል በጥንታዊው እንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ቅርጻቸው ከጥንት የኀላፊ ጊዜ ቅርጽ የመጣ ነበር፤ በኀላፊ ጊዜ ደግሞ ያ ድኅረ ግንድ አይገባም። ማስትም ከዚያው ወገን የወጣ ነው፤ ዊል መነሻው ሌላ ቢሆንም እነሱን መስሏል። የቀድሞ ትርጉማቸውም ለእኛ ቅርብ ነው። «ካን» ማወቅ፣ «ሻል» ደግሞ ዕዳ መኖር ማለት ነበር። አማርኛም «መቶ ብር አለብኝ» እና «መሄድ አለብኝ» ሲል ዕዳንና ግዴታን በአንድ ቃል ይገልጻል። እንግሊዝኛ በሌላ በኩል «ሃቭ ቱ» ብሎ ግዴታን ከባለቤትነት ግስ ያበጃል። በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በገላን ወይም በለገጣፎ አፋን ኦሮሞ ተናግሮ ያደገ ልጅ ይህን መንገድ ያውቀዋል። «ዴሙ ቀባ» ማለት መሄድ አለበት ማለት ነው፣ «ቀባ» ደግሞ አለው። መምህሩ ይህን ቢጠቁመው «ሃቭ ቱ» ባዳ አይሆንበትም።

ከባዱ ነገር አሉታ ነው። «መምጣት የለብህም» የሚለው አማርኛ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ እንዳትመጣ፣ ወይም ብትቀርም ችግር የለም። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል፤ ክልከላው «ማስት ኖት»፣ ነፃነቱ «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። በቦሌ ለሚ ወይም በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከውጭ ዜጋ አለቃ ጋር በእንግሊዝኛ ለሚግባባ ሠራተኛ ልዩነቱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም ኦን ሳተርደይ» ቅዳሜ ማረፍ ትችላለህ ማለት ሲሆን፣ «ዩ ማስት ኖት ካም» ከተባለ ግን በሩ ላይ መገኘትም አይፈቀድም። በአማርኛ «አይጠበቅብህም» እና «ክልክል ነው» ብሎ ማስረዳት ግራ መጋባቱን ያስቀራል።

መስተዋድዱም የራሱ ጣጣ አለው። «እስከ ሁለት ሰዓት መድረስ አለብህ» እና «እስከ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አለብህ» ስንል «እስከ» ሁለቱንም ቦታ ይሸፍናል። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ዩ ማስት ጌት ዜር ባይ ኤይት»፣ ሁለተኛው «ዩ ማስት ዌይት አንቲል ኤይት» ነው። እንዲፈጸም ቀነ ገደብ ከተቀመጠለት ድርጊት ጋር «ባይ»፣ እስከዚያ ሰዓት ከሚዘልቅ ድርጊት ጋር «አንቲል» ይሄዳል። ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ይዘላል፤ የእኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ነው። ከኮዬ ፈጬ ማልዶ ወጥቶ ፈተና ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚገባ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለቱንም ማስተካከል ይጠበቅበታል።

ሌሎች ስሕተቶችም ከአማርኛ ግስ ጠባይ ይወለዳሉ። «ጠበቀ» ተሳቢውን በ«ን» ስለሚወስድ «አይ ዊል ዌይት ዩ» ይባላል፤ «ፎር» ትቀራለች። «አዳመጠ»ም እንዲሁ ነው፤ «ዩ ሹድ ሊስን ሚ» ሲባል «ቱ» ትጠፋለች። በተቃራኒው «ስለ ጉዳዩ መወያየት እንችላለን» የምንለው ሰዎች «ዊ ካን ዲስከስ አባውት ዘ ኢሹ» እንላለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት» አያስፈልገውም። የእኛ «በ» ደግሞ በሚኒባስም፣ በቢላም፣ በቤትም፣ በጠዋትም ስለሚገባ «ባይ»፣ «ዊዝ»፣ «አት» እና «ኢን» ይደበላለቃሉ። ለዚህ አንድ አጠቃላይ ሕግ ስለሌለ ግሱን ከነመስተዋድዱ መያዝ ይበጃል፦ ዊል ዌይት ፎር፣ ሹድ ሊስን ቱ፣ ካን ዲፔንድ ኦን።

ጊዜን በተመለከተ አማርኛ «እሄዳለሁ» በሚለው አንድ ቅርጽ የዘወትሩንም የነገውንም ስለሚናገር «ቱሞሮው አይ ጎ» መባሉ አያስገርምም። ሁለት ሞዳል ተከታትለው ስለማይገቡም «ዊል ካን» የለም፤ «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ነው ትክክሉ።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚያግዝ ግን ብዙም የማይነገርለት ነገር አለ። «ደክሞህ መሆን አለበት» ስንል ማንንም አናስገድድም፤ ከፊቱ አይተን እየገመትን ነው። እንግሊዝኛም «ዩ ማስት ቢ ታየርድ» ሲል የግዴታውን ቃል ለግምት ያውለዋል። «ሄዶ መሆን አለበት» የሚለው በቀጥታ «ሂ ማስት ሃቭ ጎን» ይሆናል፣ «ሄዶ ይሆናል» ደግሞ «ሂ ሜይ ሃቭ ጎን»። «ሃቭ» ከሞዳል በኋላ ገብታ ድርጊቱን ወደ ኋላ የምትወስድበትን አሠራር በሰንጠረዥ ከማስሸምደድ በእነዚህ የዕለት ተዕለት አባባሎች ማሳየት እጅግ ይሻላል። «መሄድ ነበረብህ» የሚለው የቁጭት አነጋገርም «ዩ ሹድ ሃቭ ጎን» ነው።

ትሕትናውም እንዲሁ ይገናኛል። አማርኛ አክብሮትን በመደብ ይገልጻል፤ «አንተ»ን ትቶ «እርስዎ» ይላል። እንግሊዝኛ ይህ ስለሌለው በሞዳሉ ያርቃል፦ ከ«ካን ዩ» ይልቅ «ኩድ ዩ» ይለሰልሳል። ቢሆንም ለአንድ ኃላፊ «ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር» ስንል ፍላጎታችን አላለፈም፤ የኀላፊውን ጊዜ ለትሕትና ተዋስነው እንጂ። «አይ ዉድ ላይክ ቱ ስፒክ ቱ ዩ» ውስጥ ያለው «ዉድ» የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

በንግግር ላይ አንድ ችግር ይቀራል፦ ድምፁ። በተለምዶው የእንግሊዝኛ አነጋገር አዎንታዊው «ካን» ይላላና «ከን» ይመስላል፤ ክብደቱ በግሱ ላይ ያርፋል። አሉታው «ካንት» ግን ጠበቅ ብሎ ይነገራል፤ የመጨረሻዋ «ት» ብዙ ጊዜ ትዋጣለች። በክፍላችን ሁለቱም በእኩል ኃይል ስለሚነበቡ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበች ወጣት «አይ ካን ዎርክ ኦን ሰንደይስ» ብላ «ካን»ን ስታጠብቀው ጠያቂው እሑድ አልሠራም ያለች ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሞዳሉን አላልቶ «ዎርክ» የሚለውን ማጥበቅ። ዐረፍተ ነገሩን ሳይቆራርጡ ደጋግሞ ጮክ ብሎ ማለት ያስለምደዋል።