የድሮ ባሩድ ማስቀመጫዎች፦ ከእንጨት በርሜል እስከ ቆርቆሮ ጣሳ

ጥቁር ባሩድ ከሦስት ነገር ይሠራል። ከመቶ 75 ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። ዋነኛ ጠላቶቹ ብልጭታና እርጥበት ናቸው። የድሮ ማስቀመጫዎቹ መልክ የመጣውም እነዚህን ለመከላከል ሲባል ነው።

ለብዙ ዘመን ዋናው ዕቃ የእንጨት በርሜል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1605 እንግሊዝ ፓርላማ ሥር ተደብቆ የተገኘው ባሩድ እንኳ በ36 በርሜል ነበር የተቀመጠው። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ፍንጣሪ ስለሚያወጣ፣ በርሜሉን የሚያስሩት ቀለበቶች ብዙ ጊዜ ከእንጨት ወይም ከመዳብ ይሠሩ ነበር። መድፍ አጠገብ ለሚቀመጠው ደግሞ አፉ ላይ የቆዳ ከረጢት ይሰፋበታል። ተኳሹ ባሩድ ከቀዳ በኋላ ገመዱን ሳብ ያደርግና ይዘጋዋል፤ በጣም ብልህ አሠራር ነው። ግምጃ ቤት ውስጥም ባሩዱ ተጋግሮ እንዳይቀር በርሜሎቹን በየጊዜው ያገላብጧቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1802 አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ የተመሠረተው ዱፖንት የተባለው ኩባንያ መጀመሪያ የታወቀው በባሩድ ነው። በአሜሪካ ገበያ የተለመደው በርሜል 25 ፓውንድ፣ ማለትም 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይይዝ ነበር። በኋላ እንጨቱ ለብረት ቦታውን ለቀቀ። ለአዳኞች ደግሞ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ጣሳዎች መጡ፤ ብዙዎቹ አንድ ፓውንድ የሚይዙ፣ የአደን ሥዕል ያለበት ወረቀት የተለጠፈባቸው ናቸው። ሰብሳቢዎች ዛሬ አጥብቀው የሚፈልጉት ይህንኑ ወረቀት ነው። እኔም ብሆን ወረቀቱ ያልተላጠ አሮጌ ጣሳ፣ ተፍቆ ከሚያብረቀርቀው ይበልጥብኛል።

ብዙ ሰው ባሩድ ወፍራም ብረት ውስጥ ቢቀመጥ የተሻለ ይመስለዋል። አይደለም። ሜዳ ላይ የተበተነ ትንሽ ባሩድ እሳት ሲነካው ቦግ ብሎ ነዶ ያልቃል፤ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ታፍኖ ሲቀጣጠል ግን ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ዕቃውን ሰባብሮ እንደ ቦምብ ይበትነዋል። የጣሳው ቆርቆሮ ስስ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ግፊቱ ሳይበረታ ቶሎ ይቀደዳል።

አሮጌ ጣሳ ወይም በርሜል ካገኛችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ደርቆ የቆየ ባሩድ ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል። ክብደት ካለው አትክፈቱት፣ አታናውጡት፤ ፖሊስ ጥሩ። ባዶ የሚመስለውም ቢሆን ስፌቱ ውስጥ ዱቄት ሊቀርበት ስለሚችል፣ በብየዳ ለመጠገን ፈጽሞ አትሞክሩ።